የሊዶር ጉርሻ

የስመኝ እንጀራ በእስራኤሏ የቂርያት ጋት ከተማ፣ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ መመርመር፣ እንከን ያለበትን ለይቶ ማውጣት ነው። ልጇ ሊዶር በሁለት ዓመቱ ኦቲዝም አለበት ከተባለ ወዲህ ግን መርማሪዎች በተራቸው ቤቷ ገቡባት።

ልጁን ንግግር ሊያስተምር መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ ዞሃር፣ ወለል ላይ እየተንፏቀቀ ልጁ የጀመረውን ጨዋታ ይከተል ነበር። ሦስት ወር ሙሉ መኪና ሲገፉ ከረሙ፤ አንዲት ቃል ጠብ አላለችም። ቀጥላ የመጣችው ሊሞር ደግሞ ልጁን ወንበር ላይ ታስቀምጥና፣ "ስጪኝ" ካላለ ብስኩቱን አትሰጠውም። ስመኝ የትኛው መንገድ እንደሚሻል ብትጠይቅ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ጥናት ዘረገፉላት።

"ወረቀት ነው የምታጎርሱት?" አለች ስመኝ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ጠቅልላ ልታጎርሰው ስትል፣ ሊሞር እጇን ያዘቻት።

"ቃሉን ሳይናገር አታጉርሺው፤ ልፋታችንን ታበላሺዋለሽ።"

"እጄን ልቀቂ! እኛ ቤት ጉርሻ ተለምኖ አይበላም። ውጪልኝ!" ብላ አስወጣቻትና በሩን ደረገመችው።

ንዴቷ ሳይበርድ ተመልሳ ልጁ ፊት ተቀመጠች፤ ጉርሻውንም አነሳች። ሊዶር አፉን ከፈተ። የስመኝ እጅ ግን ከንፈሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ስጪኝ በል" አለችው።

ልጁ እጇን አየና አፉን ገጠመ።