ሁለቱም የግራ ፍራሾች

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ... ሰፍተን የጨረስናቸውን ሁለት ቀይ የጀልባ ፍራሾች መሬት ላይ ጎን ለጎን ዘረጋናቸው።

የሁለቱም አፍንጫ፣ ሾጠጥ ያለው ጫፋቸው፣ ወደ ግራ ዞሯል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ ቀሚስ ሰፊ ነኝ... ነበርኩ ማለት ይሻላል። ሰዉ ሁሉ የተሰፋ ልብስ መግዛት ሲጀምር ሱቄን ዘጋሁና እዚሁ አሶሳ የባጃጅ ወንበር የሚያለብሱት ጋሽ ኢድሪስ ጋ ሙያ ልማር ገባሁ። ጋሽ ኢድሪስ የማንጎ ማሳቸው ናፍቋቸዋል። ሥራውን ለሚችል ሰው ትተው ገጠር መግባት ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ያ ሰው መሆን እፈልጋለሁ። ችግሩ፣ ወንበር የምትሰፋ ሴት እዚህ ማንም አይቶ አያውቅም። ሹፌሮቹ ብቻዬን ሲያገኙኝ «ሰፊው የለም እንዴ?» ብለው ይመለሳሉ።

በዚህ መሀል ነው ካፒቴኑ የመጣው። ካፒቴን ያሉት ሹፌሮቹ ናቸው እንጂ ሰውየው አናጺ ነው። ጣና ዳር አድጎ፣ ለሥራ ጉባ ሄዶ እዚያው የቀረ። አሁን ግድቡ ባስተኛው ውሃ ላይ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ እየሠራ ነው... ያውም ሸራ ተወጥሮላት በንፋስ የምትሄድ።

«ቤንዚን ከምጠብቅ ንፋስ ብጠብቅ ይሻለኛል» አለን። ቤንዚን ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይከራከረውም።

ለጀልባዋ ጓዳ ሁለት የመኝታ ፍራሽ አዘዘን፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ላዩ ቀይ ሌዘር፣ ታቹ ደግሞ ስፖንጁ አየር እንዲያገኝ ሸራ።

ጋሽ ኢድሪስ ቤርታ ናቸው፤ በሳቸው አማርኛ ሴትም ወንድም «አንተ» ነው። የሌዘሩን ጥቅል አሸከሙኝና የስፌት መኪናውን መታ መታ አደረጉ።

«ስማ ቢንቲ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ በደንብ ሰፋህ፣ መኪና ያንተ ነው። አበላሸህ፣ ወደ ቀሚስ ትመለሳለህ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ካፒቴኑ የፍራሹን ልክ ከማዳበሪያ ከረጢት ቆርጦ በሚኒባስ ላከልን። የአንዱን ጎን ብቻ። ስንደውልለት «ሌላውም ያው ነው» አለ። እኛ ጀልባ የት አይተን እናውቃለን? ስልክ ላይ የላከውን ፎቶ እያየን ጓዳዋን የምታክል ነገር ጊቢው ውስጥ በቀርከሃ ሠራን፤ ፍራሾቹን እንለካባት ብለን። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም። የሚያልፍ ሹፌር ሁሉ ብቅ እያለ «መቼ ነው የምትነሳው? እኔ የጉባ ነኝ» ይለናል።

ስህተታችን የባጃጅ ሰፊ ስህተት ነው። የባጃጅ ወንበር ግራና ቀኝ የለውም፤ አንድ ልክ ይዘህ ዕድሜህን ሙሉ ስትቆርጥ ትኖራለህ። እኛም ከረጢቱን ሌዘሩ ላይ አስቀምጠን ቆረጥን፤ ሳንገለብጠው እንደገና አስቀምጠን ቆረጥን። ጀልባ ለካ እንደ ጫማ ነው...

ቀሚስ ቢሆን ተርትሬ እሰፋው ነበር። ሌዘር ግን መርፌ አንዴ ከበሳው ቀዳዳው ይቀራል። በኩርሙክ ድንበር ከሱዳን የሚመጣው ቀይ ሌዘርም ከገበያ ጠፍቷል።

ጋሽ ኢድሪስ ፍራሾቹን አዩ፣ እኔን አዩ። «ሁለታችን ነን የቆረጥን» አሉ። ደግ ሰው ናቸው። እኔ ግን የዘጋሁት ሱቅ ነበር ፊቴ ላይ ድቅን የሚልብኝ።

የፈሩት ይደርሳል... ካፒቴኑ አይሱዙ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«እንዴት አረፈዳችሁ? ደረሰልኝ?»

ጋሽ ኢድሪስ ማስረዳት ጀመሩ። እኔ አንዱን ፍራሽ ተሸክሜ ቀርከሃው ውስጥ በግራ በኩል አስገባሁት። ልክክ አለ። ሁለተኛውን በቀኝ ብሞክረው አፍንጫው ወደ ውጭ ተንጋደደ። እልህ ያዘኝና ገለበጥኩት። ልክክ።

ግን ሸራው ላይ ሆነ። በግራ ደማቅ ቀይ፣ በቀኝ አመድማ ሸራ።

«አንዱ ደረጃ አንድ፣ አንዱ ደረጃ ሦስት» አለ ሊያዩ ብቅ ካሉት ሹፌሮች አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ።

ካፒቴኑ አልሳቀም። ጫማውን አወለቀና ቀዩ ላይ ተጋደመ። የመጋቢት ፀሐይ አናታችን ላይ ናት። ትንሽ ቆይቶ ሲነሳ ጀርባው ከሌዘሩ ጋር ተጣብቆ ጭርርር አለ። ላቡን ጠረገና ወደ ሸራው ተሻገረ። ዓይኑን ጨፈነ።

ጠበቅን... ጠበቅን... ማንኮራፋት ጀመረ።

«ሹፌሩ ተኝቷል፣ እንውረድ» አለ ያው ተረበኛ።

ጋሽ ኢድሪስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ተኛ ማለት... ወደደ ነው?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ ጋሼ» አልኩ። ሆዴ ግን ተስፋ ማድረግ ጀምሮ ነበር።

ካፒቴኑ ሲነቃ ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ጉባ ከዚህ የባሰ ነው የሚሞቀው» አለ። «ዓሣ አጥማጁ ከነእርጥበቱ ሲገባ ቀዩ ላይ ይቀመጣል። ደረቁ ሰው ሸራው ላይ ይተኛል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ ማንን የት አደርግ ነበር?» ከዚያ ፍራሾቹን ጭኖ ሲያበቃ ዞር ብሎ «ሁለተኛዋን ጀልባ ስሠራም ልክ እንደዚህ ነው። እንዳትሳሳቱ» አለን።

ከሰዓት በኋላ ወንበሩ የተቀደደ ባጃጅ መጣ፤ ሹፌሩ በባምባሲ መስመር የሚሠራ፣ ለሰፈሩ አዲስ ሰው ነው። እኔን አልፎኝ ጋሽ ኢድሪስ ጋ ሄደ። «ሰፊው ማን ነው?»

ጋሽ ኢድሪስ ጥላው ሥር ጋደም እንዳሉ በአገጫቸው ወደ እኔ አሳዩት። «እዛ አለ። መኪና የሱ ነው።»

እንባዬ መጣ፤ ዋሽቼ ምን ላተርፍ። ላቤን የምጠርግ መስዬ ጠራረግኩትና መቀሴን አነሳሁ።

ከመቁረጤ በፊት ግን ባጃጁን አንድ ጊዜ ዞሬ አየሁት... ግራና ቀኝ አውጥቶ እንደሆነ።