የድሮው ጉንጭ

በውበት ቀዶ ሕክምና ክሊኒኩ ተራ መጠበቂያ ክፍል አንዲት ሴት ወንበር ላይ መርጋት አቅቷታል። አንገቷ ዕድሜዋን ይናገራል፤ ጉንጮቿ ይክዳሉ።

«ያኔ ፋሽኑ ሙሉ ጉንጭ ነበር» አለች አጠገቧ ላለችው። «ሁሉም ሲያስሞላ እኔም አስሞላሁ፤ እግዜር የሰጠኝ አንሶኝ!»

አሁን ልታስቀንሰው ነው። ሐኪሙ ግን የድሮ ፊቷን በፎቶ ካላየ አልጀምርም ብሏታል። እሷ ደግሞ ጉንጯን ባስሞላች ማግስት የድሮ ፎቶዎቿን አንድም ሳታስቀር አጥፍታለች።

ስልኳን አንስታ አስቀመጠች፤ እንደገና አንስታ ደወለች።

«እኔ ነኝ። አይ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው። የሠርጋችን ፎቶ አለ ወይስ ጣልከው?»

ከንፈሯን ነክሳ አዳመጠች።

«አሁንም ግድግዳው ላይ ነው? እንግዲያው አታውርደው። በስልክህ አንሣውና ላክልኝ።»