የሚፈልሰው በረት

መቀመጥ አልችልም ነበር። በደርግ ጊዜ ሮቤ አጠገብ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ ስመደብ ጢሜ እንኳ በቅጡ አልወጣም፤ አገሩን በአንድ ክረምት ላልማ ብዬ የተነሳሁ የሸዋ ጎረምሳ ነበርኩ። ስብሰባ ላይ ስቀመጥ እግሬ ብቻውን ወለሉን ይደበድባል።

ከጣቢያው ጀርባ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ማሳቸው ድሮ እንደ ጎረቤቶቻቸው መረሬ ነበር አሉ፤ በክረምት ጭቃው እግር የሚይዝ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ። እሳቸው ግን የከብቶቻቸውን በረት፣ በነሱ ቋንቋ ሞናውን፣ እማሳው ላይ አጥረው በየአምስት ሌሊቱ እየነቀሉ ወደሚቀጥለው ቁራሽ ያዛውሩታል። እበቱም ሽንቱም እዚያው ይቀራል። ባለቤታቸው ደግሞ የምድጃውን አመድና የከሰል ስብርባሪ ይበትኑበታል። አፈሩን ጨብጬ ስለቀው ፍርፍር ይል ነበር። ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው ስሰማ በሆዴ «አይ ዘገምተኛ!» አልኩ።

መንደር ምስረታው ሲመጣ ቤታቸውን አፍርሰው ወደ አዲሱ መንደር እንዲገቡ ታዘዙ። ማሳቸው የጣቢያው ሠርቶ ማሳያ ሆነ። የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ አፈሩን አይቼ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ ቢሮዬ ድረስ መጥተው፤ «መሬቱን ውሰዱት። አንዲት ጥግ ብቻ ቀርታኛለች። ከብቶቹ አምስት ሌሊት ይደሩባትና እሄዳለሁ።»

«አባባ፣ ከእንግዲህ የርስዎ አይደለም፤ ምን አደከመዎት?»

«የማንም ይሁን። እንዲህ ተጀምሮ አይተውም።»

«አይሆንም፣ ነገ ትራክተር ይገባል» አልኳቸው። በማግስቱ በረቱን ነቅለው ሄዱ። ትራክተሩ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው ነበር።

ገብሱ ሲያሸት ከጎባ እንግዶች መጡ፤ መንደርተኛውም እንዲያጨበጭብ ተሰበሰበ። አዝመራው ደረት ይደርሳል።

«ምን አድርገህበት ነው?» አለኝ ከጎባ የመጣው ኃላፊ።

«ዘመናዊ ማዳበሪያ፣ በመስመር መዝራት…» ምላሴ አልተደናቀፈም። ተጨበጨበ። ሽማግሌውም ከሰዉ ጋር አጨበጨቡ። ያን ጊዜ እንኳ እንግዶቹ ቶሎ በሄዱልኝ እያልኩ እግሬ መሬቱን ይመታ ነበር።

ኃላፊው በከዘራው ወደ ማሳው ዳር ጠቆመ። «ያቺ ጥግስ? ምን ሆና ነው እንዲህ የቀጨጨችው?»

ያው ማዳበሪያ፣ ያው መስመር እዚያም ነበረ። እኔ ማስታወሻዬን ሳገላብጥ ኃላፊው ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባት፣ እርስዎ ያውቃሉ?»

እሳቸው ያዩት እሱን ሳይሆን እኔን ነው።

«አምስት ሌሊት አጥታ ነው» አሉ።

ኃላፊው አልገባውም፤ ስቆ ወደ መኪናው ሄደ። እኔን ግን እፍረት ከእግሬ እስከ ራሴ ወረረኝ። አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። እግሬ ዝም ብሎ ነበር።