ኳሷን ነው ወይስ እግሩን?

ይህ ነገር የደረሰብኝ ኳስ ተጫውቼ ደመወዝ የምበላበት ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያስቆጠርኳቸውን ጎሎች እንኳ አምታታለሁ፤ ሦስት ብቻ ናቸው፣ ተከላካይ ነበርኩና። በአያ ሽታሁን ቤት አንገቴን ደፍቼ የቆየሁባትን ሩብ ሰዓት ግን የትናንት ያህል አስታውሳታለሁ።

ለእረፍት ፍኖተ ሰላም ወላጆቼ ዘንድ መጥቼ ነበር። የከተማችን ቡድን ከቡሬ ከመጣ ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ስለነበረው "ግባልን" አሉኝ፤ ገባሁ። የቡሬዎቹ አጥቂ አንተነህ ይባላል። ከቡሬ ወጣ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣ፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ የክለብ አሰልጣኝ እሱን ሊያይ መጥቶ ከሜዳው ዳር መቆሙን ሰምቻለሁ።

ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ጊዜ ኳሷን በእግሮቼ መሃል አሾልኮ አለፈኝ። በሁለተኛው ጊዜ ሕዝቡ ሳቀ። በአገሬ ሰው ፊት! ያረጀ ተከላካይ የሚሳቅበት ቀን አይምጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣብኝ ተንሸራትቼ ገባሁ። የአጥንቱን ድምፅ እኔም ሰማሁት፤ ከሜዳው ዳር የቆሙትም ሰሙት።

ዳኛው ፊሽካ እንኳ አልነፋም። ኳሷንም ነክቻት ስለነበር ሁሉም "ኳሷን ብሎ ነው የገባው፣ አደጋ ነው" አለ። እኔም አዎ አልኩ።

ወር ሳይሞላ ወሬው ደረሰኝ። የአንተነህ እግር ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ከእንግዲህ ኳስ የሚባል ነገር አብቅቶለታል። ሁለቱ ወንድሞቹ "እናገኘዋለን" እያሉ ይዝታሉ። አባቱ አያ ሽታሁን ግን ምንም አይናገሩም አሉኝ። ከልጆቹ ዛቻ ይልቅ የአባትየው ዝምታ አስፈራኝ። የንስሐ አባቴ ቄስ ሞገስ "ነገሩ ሳይከር እንሂድ" ብለው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ይዘውኝ ሄዱ።

እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር ነው። መንገዱን ሁሉ ቄስ ሞገስ ሲያስጠኑኝ ዋሉ። "የምትላት አንዲት ነገር ናት፤ 'ሰይጣን አሳስቶኝ ነው፣ ይቅር በሉኝ።' ሌላውን ለእኛ ተወው።"

ደጃፉ ስንደርስ እንደ ወጉ ድንጋይ አንገቴ ላይ ጫኑብኝና አጎንብሼ ገባሁ። የሚታየኝ መሬት መሬቱ ነው፤ የአያ ሽታሁን የላስቲክ ጫማ፣ የዱላቸው ጫፍ፣ ወዲያ ደግሞ መደብ ላይ የተዘረጋ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ እግር። ወንድማማቾቹ ከኋላዬ በሩን ይዘው ቆመዋል። ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ለመኑ። በማርያም አሉ፣ በመድኃኔዓለም አሉ። ላቤ ከአፍንጫዬ ጫፍ ይንጠባጠባል፤ ድንጋዩ እየቆየ ከበደኝ። ተራዬ ሲደርስ ያስጠኑኝን ተናገርኩ።

"ሰይጣን አሳስቶኝ ነው፣ አያ። ይቅር በሉኝ።"

"ሰይጣኑን አልጠየቅሁም" አሉ አያ ሽታሁን። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። "እኔ ኳስ የሚሉትን አላውቅም ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ስትመጣበት የፈለግኸው ኳሷን ነው ወይስ እግሩን?"

"ኳሷን" ብል ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ዳኛውም ሰዉም መስክሮልኛል። እውነቱን ብናገር ደግሞ በሩን የያዙት ሁለቱ ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። ቄስ ሞገስ በመቋሚያቸው ጎኔን ነካ አደረጉኝ፤ ምን በል እንደሚሉኝ ገብቶኛል። ዓይኔ ግን ያ የተጠቀለለ እግር ላይ ቀረ።

"እግሩን ነው" አልኩ። "ሰው ስለሳቀብኝ ነው።"

ከኋላዬ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። "ዋ!" አሉት አያ ሽታሁን፤ ባለበት ቆመ። እሳቸው ግን ተነሡ። የዱላው ጫፍ ከመሬት ሲነሣ አየሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። "በቃ፣ አለቀልኝ" አልኩ በልቤ። ኮቴያቸው አልፎኝ ወደ መደቡ ሄደ።

"አንተነህ" አሉ። "ሆን ብሎ ነው የሰበረኝ ስትለኝ፣ ሰው አትማ፣ እግዜር ያመጣብህን ተቀበል ብዬ ተቆጣሁህ። ሰዉ ሁሉ አደጋ ነው ሲል ከልጄ ይልቅ ሰዉን አመንሁ። ይቅር በለኝ ልጄ።"

አንተነህ ጮኾ አለቀሰ። እግሩ የተሰበረ ዕለት እንኳ እንደዚያ አልጮኸም። የሠራሁት ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ያን ሁሉ ቀን በገዛ አባቱ ቤት ውሸታም አድርጌው ነው የከረምኩት። አፈርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

አያ ሽታሁን ተመልሰው ድንጋዩን ከአንገቴ አወረዱልኝ። "በእኔ በኩል ይቅር ለእግዜር። እግሩ ግን የእኔ አይደለም፤ የእሱን ከእሱ ጠይቅ" አሉኝ።

ጠየቅኩት። ዓይኑን ጠርጎ ቀና አለ።

"ዛሬ አይሆንልኝም። ለአፌ ያህል ይቅር አልልህም። ሲሆንልኝ እነግርሃለሁ" አለ። ሽማግሌዎቹ ሊጫኑት ሲሞክሩ አባቱ "ተዉት" አሏቸው።

በማግሥቱ ዓመት ኳስ አቆምኩ። አንተነህ ቡሬ ውስጥ እህል ንግድ ላይ ነው፤ ትንሽ ያነክሳል። መንገድ ላይ ስንገናኝ እጁን ይሰጠኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል። ያቺን ቃል ግን እስከ ዛሬ አላላትም። ጓደኞቼ "ሰላም ካለህማ ይቅር ብሎሃል፣ ምን ትፈልጋለህ?" ይሉኛል። እኔ እንደዚያ አላስብም፤ ባገኘሁት ቁጥር ዛሬ ይለኝ ይሆን እያልኩ ልቤ ይመታል። ሲሆንልኝ እነግርሃለሁ ብሎኛል፤ እሱ እንደማይዋሽ ደግሞ ከሰው ሁሉ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።