ያለ መሐላ

እናቴ ሱቄን አትወደውም ነበር። አምቦ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው አለፍ ብላ በምትገኝ ጠባብ ክፍል መጽሐፍ መሸጥ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። እሷ ለሕክምና ከጌዶ በመጣች ቁጥር በሩ ላይ ትቆምና መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ቃኝታ፣ «ይሄ ሁሉ ወረቀት እንጀራ ይሆናል?» ትለኛለች። አንዳንድ ወር ይሆናል፣ አንዳንድ ወር አይሆንም። ለእሷ መጽሐፍ ማለት ዳዊት ነው፤ ሌላው ሁሉ ሰው ሥራ ሲፈታ የሚጽፈው ነገር ነው።

ከ2006 ወዲህ ባሉት ዓመታት ግን አንድ ዓይነት መጽሐፍ እንደ ጉድ ይፈለግ ነበር፤ የመሬት መጽሐፍ። ይህ አገር የማን እንደነበረ፣ ማን እንደወሰደው፣ ባለርስቱ እንዴት ገባር፣ ገባሩም እንዴት ጭሰኛ እንደሆነ የሚተርክ። የሩቅ አገር ነባር ሕዝቦች እርሻቸውንም አምልኳቸውንም ተነጥቀው እንዴት ሳይጠፉ እንደቀሩ የሚተርክም ነበረበት። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በአፋን ኦሮሞ። የጊንጪ አስተማሪ ይገዛል፣ የጤና ባለሙያ ይገዛል፣ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ይገዛል፣ ከካቺሲ በሬ ሊሸጥ የመጣ ገበሬ ኮሌጅ ላለች ልጁ ይገዛል። ገንዘብ የሌለው ቆሞ ያነባል። ከተማው በመሬት ነገር በተቆጣባቸው ወራት አንዳንዱን ከመደርደሪያ አውርጄ ከጠረጴዛ ሥር አስቀምጥ ነበር፤ ፈላጊው ግን አንገቱን ደፍቶ ይመጣና በሹክሹክታ ይጠይቃል።

እኔም ሳልሸጣቸው በፊት አነባቸዋለሁ። ያላነበብኩትን ዕቃ መሸጥ ያናድደኛል። ወገኔን ደግሞ በደንብ አውቃለሁ። የአባቴ አያት ጠመንጃ ይዘው ወደዚህ አገር ከመጡት አንዱ ናቸው። እኛ ቤት ይሄ እንደ ጀብዱ ይወራ ነበር፣ በመጻሕፍቱ ውስጥ ግን እንደ በደል ተጽፏል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እኔ የወጉት ልጅ ሆኜ የተወጉትን ታሪክ እየሸጥኩ እኖራለሁ። መጻሕፍቱን አምናቸው ነበር። ብዙም አላስጨነቁኝም፤ በ1967ቱ አዋጅ ሰፊው መሬት ተወስዷል፣ ለአባቴ የደረሰው እንደማንኛውም ገበሬ በገበሬ ማኅበሩ የተመራለት ድርሻ ነው። በእኔ ቤት ሂሳቡ ተዘግቷል።

አባቴ ከሞተ በኋላ ያን መሬት እናቴ ብቻዋን ያዘች። ከጌዶ ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ እርሻዋ አለ፤ እሱን ለእኩል ታሳርሳለች። ከእርሻው ሥር ጨፌ አለ፤ በጋ ከክረምት ሣሩ የማይደርቅ፣ መሐሉ ላይ ምንጭ ያለው ረግረግ መስክ። ላሞቿ የሚኖሩት በጨፌው ነው፣ እሷ የምትኖረው በላሞቿ ነው። ወተትና ቅቤ ሸጣ ጨውና በርበሬዋን፣ መድኃኒቷን፣ የዕድሯን ትከፍላለች። ከእኔም ሆነ አዲስ አበባ ካለው ወንድሜ አምስት ሳንቲም ጠይቃ አታውቅም። ኩሩ ናት፤ ኩራቷን የሚያቆመው ደግሞ ያ ሣር ነበር።

ከጨፌው ማዶ ያሉት ጎረቤታችን የእሷ እኩያ ገበሬ ናቸው። ኦሮሞ ናቸው፤ ጌታን ከተቀበሉ ቆይተዋል። እናቴ አፋን ኦሮሞ እንደ እሳቸው ትናገራለች፤ እሳቸው «ሃደ ኢጆሌ» ይሏታል፣ የልጆች እናት እንደማለት ነው፣ እሷም «ኦቦሌሳ ኮ» ትላቸዋለች፣ ወንድሜ። እሷ ስትታመም ማሳዋን በልጆቻቸው ያሳርማሉ፤ በሷ ጾም ሥጋ አይልኩም፣ በበዓሏ ግን አይቀሩም። ከዕድሜ ልክ ጎረቤትነት በኋላ አንድ ቀን፣ የመሬት አስተዳደር ሰዎች ይዞታ ለክተው አዲስ ደብተር ሊሰጡ ሲመጡ፣ እኒህ ሰው ተነሥተው «ጨፌው የአባቴ ነው» አሉ።

እናቴ ደውላ ስትነግረኝ ድምፅዋ እንደወትሮው ነበር፤ የተቆጣሁት እኔ ነኝ። ለወንድሜ ስደውልለት ደግሞ ከእኔ ብሶ ጠበቀኝ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለ። «ብቻዋን መሆኗን አይተው ነው። ሽጣ ትምጣ። እዚያ አገር ለእኛ ወገን ምን ቀረን?» መሬት እንደማይሸጥ ልነግረው አልሞከርኩም። በማግሥቱ ሱቁን ዘግቼ የጌዶ መኪና ተሳፈርኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ለመንገድ የያዝኩት አንድ መጽሐፍ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከቀበሌው ቢሮ ጀርባ ባለው ሜዳ ተቀመጡ። ጎረቤታችን የተናገሩት አጭር ነው። «እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ሣር ስለሆነ ነው። ሣር የበላው ከብት ነው፣ ሃደ ኢጆሌንም አልጨክንባትም። አሁን ግን በወረቀት ሊጻፍ ነው። ከተጻፈ በኋላ ልጆቼ አባታችን የት ነበር ይሉኛል።» የመሬት አስተዳደሩ ወጣት ባለሙያ ደግሞ ሕጉን ተናገረ፤ ክርክር ያለበት መሬት በማንም ስም አይመዘገብም፣ ካልተስማማችሁ ባለቤት የሌለው ተብሎ ለመንግሥት ይሆናል። ይሄ ለሁሉም ገባው። ከጨፌው በታች ካለው ወንዝ ማዶ መሬት የወሰደ አንድ ባለሀብት አጥሩን ወደ ምንጩ እያስጠጋ ነበር።

ድርሻው ሲመደብ በቦታው ከነበሩት ከእናቴ በቀር በሕይወት ያለ የለም። እንዲህ ሲሆን በአገሩ ወግ ነገሩ ወደ መሐላ ይሄዳል። የሚምለው ሰው ከተጣሉበት መሬት አፈር በመዳፉ ይዞ፣ ዋሽቼ እንደሆነ ዘሬ እንደዚህ ይበተን ብሎ ይበትነዋል። ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም፤ ሰው ዳኛን ይዋሻል እንጂ አፈር ይዞ አይዋሽም። ሽማግሌዎቹ «ይማሉ» ብለው መሐላውን ለጎረቤታችን ሰጡ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጌታን ሲቀበሉ አፈር ይዞ መማልን ትተዋል፣ አይመለሱበትም። መሐላው ወደ እናቴ ዞረ። እሷም የንስሐ አባቷ አንደበትሽን ከመሐላ ጠብቂ ብለው አስጠንቅቀዋታል፤ በልጆቿ ነፍስ አትምልም።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ በትራቸውን አገላበጡ። «ዱሮ ሐሰተኛ ይምላል ብለን እንሰጋ ነበር» አሉ። «ዘንድሮ እውነተኛውም አልምል አለን። እንግዲህ ምን ይሻላል?» ጥቂት ሰዎች ፈገግ አሉ። ልኬታው ደርሶ ባለሙያዎቹ እስኪመለሱ ቀጠሮ ተሰጠና ተበተንን።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ እኔ ጉልበቴ ላይ መጽሐፌን ዘርግቻለሁ። «ስለምንድነው የሚለው?» አለችኝ። ጠይቃኝ አታውቅም። ስለ መሬት እንደሆነ ስነግራት «አንብቢልኝ» አለች። በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ስለነበር፣ እሷም የላቲኑን ፊደል ስለማትለይ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የደረስኩበት ምዕራፍ የግጦሽ መሬት ከሁሉ አስቀድሞ እንዴት እንደተወሰደ ይናገራል፤ የመጡት ሰዎች ፈረስና በቅሎ ነበራቸውና መጀመሪያ የፈለጉት ውሃ ያለበትን ሣር ነው። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«እነዚህ ሰዎች እኛ ነን?» አለችኝ።

የተማረ ሰው የሚለውን አልኳት። ሥርዓቱ ነው፣ ዘመኑ ነው፣ አዋጁ መጥቶ ሁሉን አስተካክሏል፣ ለአባባ የሰጠው ማኅበሩ ነው፣ ግብሩን ስትከፍሉ ኖራችኋል። እያወራሁ ጣቶቼ ገጾቹን እየገለጡ ነበር። ለእኛ የሚሆን አንድ አንቀጽ እየፈለግሁ ነበር፤ እንደዚያ ዓይነት አንቀጽ ፈልጌ አላውቅም ነበር። ላሞቿን አሰብኩ፣ መድኃኒቷን አሰብኩ፣ ፈራሁ። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝና «እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ሥርዓቱ አይደለም» ብላ፣ ምስሩን ሳትጨርስ ከብቶቹን ልታስገባ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አላነሣንም። እኔም እስከ ቀጠሮው እሷው ጋር ቆየሁ።

በልኬታው ቀን ሁላችንም ጨፌው ዳር ተገናኘን። ባለሙያው መሣሪያውን ይዞ ይቁነጠነጣል፤ ከእኛ በኋላ ሌላ ማሳ ይጠብቀዋል። ሽማግሌው እንደገና ጠየቁ፤ የሚምል አለ ወይ? ጎረቤታችን ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

«እኔ አልምልም፣ እሷም አትማል» አሉ። «ሃደ ኢጆሌ ያኔ ነበረች። ያለ መሐላ ትናገር። ያለችውን እቀበላለሁ።»

ልጆቻቸው አጉረመረሙ። ትልቁ ልጅ የአባቱን ክርን ይዞ አንድ ነገር ሊላቸው ሲል በእጃቸው ገፋ አደረጉት። እኔ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ከእናቴ የሚፈለገው «ማኅበሩ ለባለቤቴ ሰጥቶታል» የሚል ቃል ብቻ ነው። ይህም እውነት ነው። ኃጢአት የለበትም፣ ቅጥፈት የለበትም፣ ሕጉም ከሱ ሌላ አይጠይቅም።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። በአፋን ኦሮሞ ነበር የተናገረችው። «ማኅበሩ ለባለቤቴ ሰጥቶታል» አለች። ባለሙያው እስክሪብቶውን አወጣ። እኔም በልቤ፣ በቃ እማዬ፣ ተቀመጪ አልኩ።

እሷ አልተቀመጠችም። «ሲሰጠው ግን ባዶ አልነበረም» አለች። «የዚህ ሰው አባት ከብቶች ነበሩበት። ባለቤቴ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበር፣ ያኔ እዚህ መጻፍ የሚችል እሱ ብቻ ነው። ለጸሐፊው ውሃ ያለበት ይድረሰው ተባለ። አባትየው ራሳቸው መጥተው ከብቶቻቸውን አወጡ። አንዲት ጊደር ጭቃው ውስጥ ገብታ አልወጣ ስትል፣ እሳቸውና ባለቤቴ አብረው ጎትተው አወጧት። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩንም። ውሃ ሳቀርብላቸው ግን አልጠጡም። ጨፌው የአባታቸው ነው፣ የአያታቸውም ነው።»

አባቴ በዚያ ቀበሌ በእጅ ጽሑፉ ይታወቅ ነበር። እኔንም ማንበብ ያስለመደኝ እሱ ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ መሆኑን ሁልጊዜ በኩራት ስናገረው የኖርኩ ነኝ። እዚያ ጨፌ ዳር ቆሜ ፊቴ ጋለ፤ እናቴን ዝም ባሰኘኋት ብዬ ተመኘሁ፣ ወዲያው ደግሞ እግሯ ላይ ልወድቅ ፈለግሁ። ሁለቱም ስሜት እኩል እውነት ነበር።

ጎረቤታችን ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ መሬት መሬት አዩ። «ገለቶማ» አሉ ኋላ፣ አመሰግናለሁ። ባለሙያው መሣሪያውን ይዞ ዙሪያውን ተራመደ፤ የወሰኑ ድንጋይ ከጨፌው ታች ተነሥቶ ከእርሻችን እግር ሥር ተተከለ። ላሞቿ ከምንጩ ይጠጣሉ ብለው ጎረቤታችን በሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ገቡላት። ሣሩን ግን አልሰጡም፤ የሚያካፍሏቸው ብዙ ልጆች አሏቸው። አልፈርድባቸውም። የባለሀብቱም አጥር ባለቤት ያለው መሬት ላይ ሲደርስ ቆመ።

እናቴ ክረምቱን በገለባና በልመና ሣር አሳለፈችና ላሞቿን አንድ በአንድ ሸጠች። አንዲት አሮጌ ላም ብቻ ቀረቻት። አሁን በየወሩ የምልክላትን ትቀበለኛለች። ስትቀበለኝ ዓይኔን አታየኝም፤ እኔም ሌላ ወሬ እጀምራለሁ። ይሄ ከሁሉ በላይ ያመኛል። ሱቄ ውስጥ የመሬት መጽሐፍ የሚገዛኝን ሰው አሁን ትንሽ ቆም ብዬ አየዋለሁ። አንብቦ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ልጠይቀው እፈልጋለሁ፣ አልጠይቀውም።

ወንድሜ የመጣው ለአባታችን ሙት ዓመት ነው። ባዶውን በረት ካየ ጀምሮ ፊቱ እንደጠቆረ ዋለ። ዘመዶች ተሰብስበዋል፣ አንዳንዶቹ በእነዚያ የግርግር ዓመታት ከአካባቢው ጠቅልለው የወጡ ናቸው። ሰው ቀምሶ ጋብ ሲል ወንድሜ ዝም ማለት አልቻለም።

«እውነቱን ንገሪን እማዬ» አላት። «ዘመኑን ፈርተሽ ነው። ብቻዬን ነኝ፣ አንድ ነገር ይደርስብኛል ብለሽ የአባታችንን መሬት አስረከብሽ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ይሄንን ነው።»

ዘመዶቹ አንገታቸውን ደፉ። የሚያስቡት እሱ ያለውን ነበር። እኔም አንዳንድ ሌሊት አስቤዋለሁ። መልስ የምሰጥላት መስሎኝ አፌን ስከፍት እናቴ በእጇ ከለከለችኝ። አልተቆጣችም። የያዘችውን ብርጭቆ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ልጇን አየችው።

«ፈርቻለሁ እንጂ፣ አልፈራሁም መች አልኩ» አለችው። «የጎረቤታችን አባትም በሕይወት ነበሩ፣ አባትህም በሕይወት ነበረ፤ ያኔ መናገር እችል ነበር። ላሞቼን ፈራሁ፣ እናንተን ምን አበላለሁ ብዬ ፈራሁ። ፈርቼ የኖርኩት ግን ጨፌው ዳር እስከተናገርኩበት ቀን ድረስ ነው።»