ጅዳ ታስሬ ያሰገድኩት ዒድ

ፖሊሶች የያዙን መካ፣ ዛሂር ሰፈር፣ በመምህራችን በኡስታዛ ቤት ለቂርአት፣ የሃይማኖት ኪታብ ለመማር፣ ተቀምጠን ሳለ ነው። ጥፋታችን ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ነበር። እኔማ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማውም አልነበረኝ፤ ከማዳሜ ቤት ከወጣሁ ዓመት አልፎኛል። ዕለቱን ጅዳ ወስደው አንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ ከተቱን። የበረኪናና የላብ ሽታ ይቀበላል፤ ሠላሳ የምንሆን ሴቶች ግራጫ ብርድ ልብስ ላይ ተደርድረናል። ገና ከመግባቴ በመኝታ ቦታ የተነሳ ጠብ አነሳሁ። እንዲህ ነኝ፤ ስፈራ እጣላለሁ።

ኡስታዛ ተወልደው ያደጉት መካ ነው። አያታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ብዙ ወንድ ዓሊም የሚፈራውን ኪታብ እርሳቸው ያስተምሩታል። «ኸላስ፣ ሴት ለሴቶች ኢማም ትሆናለች። ፊት አትወጣም፤ ከረድፉ መሐል ትቆማለች እንጂ» እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሟገቱ ኖረዋል። እኔ ነበርኩ ደረቅ ተከራካሪያቸው።

«ኡስታዛ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል ይባላል እኮ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ወንድ በሌለበትስ? ሳያልቅ ይደር?»

እኔ ግን አላመንኩም።

የእርሳቸው ወረቀት ሙሉ ነው፤ ልጆቻቸውም መካ ናቸው። መርማሪው ግን አንድ ነገር አስፈርሞ ሊለቃቸው ፈለገ፦ ከእንግዲህ ሴት ሰብስበው ላያስተምሩ፣ ላያሰግዱ። ካልፈረሙ ከእኛ ጋር፣ ኖረውባት ወደማያውቋት ኢትዮጵያ፣ ይጫናሉ። እርሳቸው «አስብበታለሁ» ብለው ተመለሱና በዒድ ዋዜማ፣ «ነገ እዚሁ አሰግዳችኋለሁ» አሉን። ክፍሉ በደስታ ተነቃነቀ። ሂጃቡ ሁሉ ታጥቦ የመስኮቱ ብረት ላይ ተሰጣ።

ጠዋት የመስጊዱ ተክቢራ፣ «አላሁ አክበር» የሚለው፣ ከውጭ እየተሰማ ሳለ ጠባቂዋ በሩን ከፈተች። «ያላ፣ ቢሮ ትፈለጊያለሽ» አለቻቸው። ለምን እንደሆነ ሁላችንም ገባን። በዒድ ቀን እናት ልጆቿ ፊቷ ላይ ይመጡባታል፤ ያን ቆጥረው ነው የጠሯቸው።

ኡስታዛ ወደ እኔ ዞሩ። «ከዘገየሁ አትጠብቁኝ። አንቺ አሰግጂ።»

«እኔ? በአላህ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል?»

«ድምፅሽ ከሁሉም ይበልጣል። ስትጣዪ ሰምቼዋለሁ» ብለው እየሳቁ ወጡ።

ጠበቅን። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ኩዳይ ሰፈር ሆቴል ስታጸዳ የተያዘች ልጅ፣ «በቃ፣ ዒዱ አለፈን» አለች። እኔ ላይ የሆነ ነገር ተነሳብኝ። «ማን አለፈሽ አለሽ? ተነሺ» አልኳት። ከመሐላቸው ገብቼ ትከሻ ለትከሻ ገጠምን። መስገድ የማይችሉት የወር አበባ ላይ ያሉት ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

በመጀመሪያው ረከዓ፣ በአንደኛው የስግደት ዙር፣ ሰባቱን ተክቢራ በደህና ቆጠርኩ። ሁለተኛውን፣ አምስት ተክቢራ ያለውን፣ ስጀምር በሩ ተከፈተ። መዞር አይቻልም። አንድ ሰው በዝግታ መጥቶ ከረድፉ ጫፍ ሲቆም ብቻ ተሰማኝ።

ስጨርስ ወደ ቀኝ አየሁ። ኡስታዛ ናቸው። ያመለጣቸውን አንድ ረከዓ ሊያሟሉ ብቻቸውን ቆመዋል። እኚያ ትልቅ ዓሊም እኔን፣ የማዳም እቃ አጣቢዋን፣ ተከትለው ሰገዱ። ጠባቂዋ እንኳ ቁልፏን በመዳፏ ጨብጣ እስኪጨርሱ ቆመች።

«ፈረሙ፣ ኡስታዛ?»

«ብፈርም ቤቴ ነበርኩ» አሉ። «ደግሞ አምስቱን ተክቢራ ስድስት አድርገሽዋል።»

«ትርፉ ለከርሞ ይያዝልን» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን እጃቸውን ይዤ እየሳቅሁ አለቀስኩ፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ኮምቦልቻ ነን። ኡስታዛም አብረውን ተጭነው መጡ፤ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ከልጆቻቸው ጋር የሚገናኙት በስልክ ብቻ ነው። ይህንን ሳስብ በደስታዬ መሐል ጎኔን ይወጋኛል።

ባለፈው ዒድ ሴት ልጃቸው ከመካ ደወለች። የቤቱን ሴቶች ሁሉ እርሷ እንዳሰገደቻቸው ነገረቻቸው። የኡስታዛ እንባ ወረደ። እስር ቤት ሳለን አንድም ቀን ሲያለቅሱ አላየሁም። ስልኩን ለእኔ ዘረጉና፣ «ደስ እንዳለኝ ንገሪልኝ፤ እኔ መናገር አቃተኝ» አሉ።