ለስላሳው ላስቲክ

ደባላቂዋ በላስቲክ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃውን ከማለስለሻ ዘይት ጋር እየደባለቀች አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ማለስለሻው ዘይት በደንብ የገባበትን ላስቲክ በጣቷ ዳብሳ ትለያለች። ልጇ ፍራሽ ስታረጥብባት፣ ከፋብሪካው ቁርጥራጭ ላስቲክ እጅግ ለስላሳውን መርጣ ፍራሹ ላይ ያነጠፈችላት እሷው ናት። ከዚያ ወዲህ የልጅቷን ቆዳ ያሳክካታል፤ ደረቷም ያፏጫል።

«ማለስለሻው የሰውነትን መከላከያ ሳያስቆጣ አይቀርም ይባላል፤ እርግጡ ገና አልታወቀም። ለማንኛውም ላስቲኩን አንሺው» አላት ትናንት ልጅቷን ያየላት ሐኪም።

ወዲያው ገፍፋ ጣለችው። ዛሬ ከሥራ ስትመለስ ልጅቷ ልታቅፋት ሮጣ መጣች።

«አትንኪኝ የኔ እናት፣ መጀመሪያ ልታጠብ።»

«እማዬ፣ ጅብ ያየሽ ትመስያለሽ» ብላ ሳቀች ልጅቷ፤ ሳቋን ሳል ቀማት።

እናት ጀርባዋን ልታሻት እጇን ዘረጋች፤ እጇ ላይ የቀረው የፋብሪካው ዘይት ሸተታትና መልሳ ሰበሰበችው። ከበሩ ሳትርቅ ቆማ የልጇን ትንፋሽ ታዳምጥ ጀመር።